“ስንት በመቶ ልጻፍ?”፦ በአሜሪካ የፌደራል ውል ላይ የአነስተኛ ንግዶችን ድርሻ ግብ አወጣጥ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የፓርኪንግ ወይም የኮምፒውተር ሥራ ድርጅት ከፍተው የተሳካላቸው ወገኖች አንድ ቀን ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። “የፌደራል ጨረታ ገብተን ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሰናል፤ አሁን የንዑስ ተቋራጭ ዕቅድ አምጡ አሉን። ለአነስተኛ ንግዶች ስንት በመቶ ልጻፍ?” የንዑስ ተቋራጭ ዕቅድ ማለት ለሌሎች ድርጅቶች ከሚሰጡት ሥራ ምን ያህሉ ለአነስተኛ ንግዶች እንደሚደርስ ለመንግሥት የሚገልጹበት ሰነድ ነው። አብዛኛው ደዋይ እስከ ትናንት ራሱ አነስተኛ ተብሎ ሲቆጠር የኖረ ነው። ድርጅቱ አደገና ከመደቡ ወጣ። በሌሎች ዕቅድ ውስጥ ስሙ ሲጻፍለት ኖሮ፣ አሁን ጽሕፈቱ በእሱ ላይ ወደቀ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ቁጥሩን ከእኔም ከጓደኛዎም አይጠይቁ፤ ከራስዎ የግዥ ዝርዝር ይወጣል። ረጅሙን መልስ በስልክ ስደጋግም ስለሰለቸኝ እነሆ በጽሑፍ።

ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ሊኖሩ የሚገቡ

• የጨረታው ሰነድ ሙሉ ቅጂ፣ በኋላ የወጡት ማሻሻያዎች ጭምር።
• ለመንግሥት ያቀረቡት የዋጋ ዝርዝር። ደመወዙ፣ ዕቃው፣ ለሌላ ድርጅት የሚሰጠው ሥራ ተለያይቶ ይቀመጥ።
• ያለፉት 2 ዓመታት የአቅራቢዎች ክፍያ ዝርዝር ከሂሳብ ሠራተኛዎ።
• ከአቅራቢዎች በጽሑፍ የተሰጠ ፕሮፎርማ። በቃል የተባለ ዋጋ አይቆጠርም።
• አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ።
• ዕቅዱን የሚያስተዳድር አንድ ሰው፣ ከነስሙ። “የአስተዳደር ክፍል” ብሎ መጻፍ አይበቃም።

1. ዕቅዱ እርስዎን የሚመለከት መሆኑን ያረጋግጡ

በጨረታው ላይ በተጻፈው የሥራ ኮድ ድርጅትዎ አሁንም አነስተኛ ከሆነ ዕቅድ አይጠየቁም። ካልሆነ የውሉን መጠን ይመልከቱ። መነሻው ለዓመታት 750,000 ዶላር፣ ለግንባታ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 900,000 እና 2 ሚሊዮን ሆኗል። ከዚያ በላይ ከሆነና ለሌላ የሚሰጥ ሥራ ካለበት ዕቅድ ግዴታ ነው። ሙሉ በሙሉ ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራ ውል ግን ነፃ ነው።

ይህን በመጀመሪያ የሚያጣሩበት ምክንያት ቀላል ነው። ግዴታው ካለብዎትና ተቀባይነት ያለው ዕቅድ ካላቀረቡ፣ ዋጋዎ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውሉ አይሰጥዎትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፋር የሚባለው የፌደራል ግዥ ደንብ ከ2025 ጀምሮ እየተከለሰ ስለሆነ የአንቀጽ ቁጥሮች ተዘዋውረው ሊያገኟቸው ይችላሉ። እርስዎን የሚገዛዎ በጨረታ ሰነድዎ ውስጥ የታተመው አንቀጽ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ዕቅድ ላይ ተደግፈው አይጻፉ።

2. መቶኛው የምን መቶኛ እንደሆነ ይለዩ

ከስህተቶች ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያ ዕቅዴን በላክሁ ጊዜ የመንግሥት የግዥ ኃላፊዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፋ መለሰችልኝ፦ “ይህ 30 በመቶ የምን 30 በመቶ ነው?” አላውቅም ነበር።

ሁለት አካፋዮች አሉ። አንደኛው ለሌሎች ድርጅቶች ሊከፍሉ ያቀዱት ጠቅላላ ገንዘብ ነው። የተለመደው የንዑስ ተቋራጭ ዕቅድ የሚሰላው በዚህ ነው። ሁለተኛው የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ነው። መከላከያ ሚኒስቴር በብዙ ጨረታዎቹ ላይ ከዕቅዱ ሌላ የአነስተኛ ንግዶች ተሳትፎ ሰነድ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ መቶኛው ከውሉ ጠቅላላ ዋጋ እንዲሰላ ሊያዝዝ ይችላል። አንድ ዓይነት ገንዘብ በአንዱ 54 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ሰነዱን አንብበው የትኛው እንደተጠየቀ በሰንጠረዥዎ አናት ላይ በትልቁ ይጻፉት።

ስለ 23 በመቶም እዚሁ ልናገር፣ ሁሉም የሚጠቅሰው ስለሆነ። ሕጉ የፌደራል መንግሥት በዋና ውል ከሚያወጣው ገንዘብ ቢያንስ 23 በመቶው ለአነስተኛ ንግዶች እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። ያ የመንግሥት ግብ ነው፤ የሚለካውም መንግሥት ራሱ በቀጥታ በሚፈርመው ውል ነው። የእርስዎን ዕቅድ አይመለከትም። ለእርስዎ የሚጠቅመው መሥሪያ ቤቱ ለንዑስ ውሎች የያዘው ግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካላገኙት የጥያቄ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ይጠይቁ።

3. የሚገዙትን ሁሉ በዝርዝር ያውጡ

አሁን ኤክሴሉን ይክፈቱ። ለዚህ ውል ከውጭ የሚገዙትን እያንዳንዱን ዕቃና አገልግሎት በየመስመሩ ያስገቡ። ከዚያ የማይቆጠሩትን ይሰርዙ፦ የራስዎ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ኢንሹራንሳቸውና ጥቅማ ጥቅማቸው፣ የዕቃ እርጅና፣ የባንክ ወለድና የአገልግሎት ክፍያ፣ ግብር፣ ኪራይ፣ ከከተማው የሚገዛ ውሃ፣ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ገንዘብ። እነዚህን ካልሰረዙ አካፋዩ ያብጥና ግብዎ ያለ ምክንያት ያንሳል።

እንደ ቢሮ ዕቃ ያሉ ለብዙ ውሎች በጋራ የሚወጡ ወጪዎችን ማስገባት ምርጫዎ ነው። ካስገቡ ድርሻው እንዴት እንደተከፋፈለ ማስረዳት፣ በዚህ ውል ሪፖርት ላይም ማስገባት ግዴታ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ሰው ቢተዋቸው እመክራለሁ።

ምሳሌ ይኸውና። የመንግሥት ሕንፃ እንክብካቤ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ 4,000,000 ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ ከውጭ የሚገዛው 1,600,000 ነው።

• የአሳንሰር ጥገና፦ 500,000፣ ትልቅ ድርጅት
• የግቢ እንክብካቤና በረዶ ጠረጋ፦ 300,000፣ አነስተኛ፣ ባለቤቷ ሴት
• የጽዳት ዕቃ፦ 260,000፣ አነስተኛ፣ ባለቤቷ ሴት፣ በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ወደ ኋላ የተገፉ ከሚባለው መደብም ጭምር
• የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ጥገና፦ 240,000 ለአነስተኛ፣ ባለቤቱ በአገልግሎት ላይ የአካል ጉዳት የደረሰበት የቀድሞ ወታደር
• የዚያው ሥራ ቀሪ፦ 140,000፣ ትልቅ ድርጅት
• የተባይ መከላከል፦ 60,000፣ አነስተኛ፣ የሃብዞን ድርጅት (ንግድ እምብዛም ባልተስፋፋባቸው፣ በመንግሥት በተለዩ ቀጠናዎች ያለ)
• የደንብ ልብስና ነዳጅ፦ 100,000፣ ትልቅ ድርጅት

4. ለእያንዳንዱ መስመር የሥራ ኮድ ይስጡ

አንድ ድርጅት አነስተኛ መሆን አለመሆኑ በራሱ ግዝፈት ብቻ አይወሰንም። ናይክስ የሚባለው የሥራ ዘርፍ ኮድ ለእያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ጣሪያ አለው። ኤስቢኤ የሚባለው የፌደራል የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር በ2022 ባስተካከለው ሰንጠረዥ ለጽዳት ሥራ፣ ኮዱ 561720፣ ጣሪያው 22 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለኮምፒውተር ሥርዓት ንድፍ፣ ኮዱ 541512፣ 34 ሚሊዮን ነው። የሚታየው የ5 ዓመት አማካይ ገቢ ነው። ስለዚህ በዓመት በአማካይ 25 ሚሊዮን የሚያስገባ አንድ ድርጅት ለኮምፒውተሩ ሥራ አነስተኛ ነው፤ ሕንፃ እንዲያጸዳ ቢቀጥሩት ግን አይደለም። በማምረቻ ዘርፎች ደግሞ በገቢ ፋንታ የሠራተኛ ቁጥር ይቆጠራል።

ኮዱን የሚመርጡት እርስዎ ዋና ተቋራጩ ነዎት፤ ሥራውን በትክክል የሚገልጸውን መሆን አለበት። ለመቁጠር እንዲመች ጣሪያው ከፍ ያለውን ኮድ መለጠፍ ኋላ ላይ በምርመራ ይገለጣል።

5. ማን ምን እንደሆነ ያጣሩ

“አነስተኛ ነኝ” የሚለውን ቃል በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ለዚያ ኮድ፣ በዚያ ቀን። የመንግሥት ተቋራጮች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ፣ ሳም ዶት ጎቭ ላይ ያለውን ገጹንም ገልብጠው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ። አንድ ድርጅት ሳም ላይ በአንድ ኮድ አነስተኛ ተብሎ በሌላው ላይ አይደለም ሊባል ስለሚችል፣ ገጹን እስከ ታች ያንብቡ።

ሃብዞን ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋና ቢሮው በተለየው ቀጠና ውስጥ መሆን፣ ከሠራተኞቹም ቢያንስ 35 በመቶው እንዲህ ባለ ቀጠና መኖር አለባቸው፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ኤስቢኤ ብቻ ነው። ራሱን ሃብዞን ብሎ የሚጠራ ሁሉ አይቆጠርም። የአካል ጉዳት የደረሰበትን የቀድሞ ወታደር ድርጅትም ከኤስቢኤ የምስክር ወረቀት ጋር ያመሳክሩ።

ሰው ካጡ የኤስቢኤን የድርጅቶች መፈለጊያ በኮድና በአካባቢ ይፈትሹ። ሥራዎን ሰብኔት በሚባለው የኤስቢኤ የንዑስ ውል ማስታወቂያ ገጽ ላይ ማውጣትም ይቻላል። አፔክስ አክስለሬተር የሚባሉት፣ በመከላከያ ሚኒስቴር የሚደገፉት ማዕከላት በነፃ ያማክራሉ። የፈለጉበትን ቀንና ያገኙትን ውጤት ይመዝግቡ፤ ባያገኙ እንኳን ያ መዝገብ በመጨረሻው ክፍል ያድንዎታል።

6. ያስሉ

ለአነስተኛ ንግዶች የተመደበውን ይደምሩ፦ 300,000፣ 260,000፣ 240,000 እና 60,000፣ ባጠቃላይ 860,000። ለ1,600,000 ሲያካፍሉት 53.75 በመቶ ይሆናል። ከውሉ ጠቅላላ ዋጋ ከ4,000,000 ቢያሰሉት 21.5 ብቻ። ተራ 2 ላይ የጮኽኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ በየመደቡ፦

• በሴት ባለቤትነት፦ 560,000፣ 35 በመቶ
• ወደ ኋላ የተገፉ፦ 260,000፣ 16.25 በመቶ
• የቀድሞ ወታደር፦ 240,000፣ 15 በመቶ
• ከእነዚህ በአገልግሎት ላይ የተጎዳ፦ 240,000፣ 15 በመቶ
• ሃብዞን፦ 60,000፣ 3.75 በመቶ

የመደቦቹ ድምር ከ53.75 በልጦ 85 ሆኗል፤ ይህ ስህተት አይደለም። የጽዳት ዕቃ አቅራቢዋ በሁለት መደብ ትቆጠራለች። የተጎዳው ወታደርም በቀድሞ ወታደሮች ውስጥ ይቆጠራል። በአነስተኛ ንግዶች ጠቅላላ ድምር ላይ ግን እያንዳንዱ ዶላር አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። መደቦቹን ደምሮ “85 በመቶ ለአነስተኛ” ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ። ስሌቱን ሲያስረዳ ላብ አጠመቀው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በሕግ የተቀመጡት የመንግሥት ግቦች ለሴቶች 5፣ ወደ ኋላ ለተገፉት 5፣ ለሃብዞን 3፣ በአገልግሎት ላይ ለተጎዱ ወታደሮች ቀድሞ 3 የነበረው አሁን 5 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ በታች የሚወርድ መደብ ካለዎት ምክንያቱን በዕቅዱ ውስጥ ይጻፉ። ዜሮ ብሎ በዝምታ ማለፍ ጥያቄ መጋበዝ ነው።

7. ቁጥሩን ራስዎ ይፈትኑት

ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚቆጨውም ይኸው ነው። ዕቅዱ ሲጸድቅ የውሉ አካል ይሆናል፣ ቃልዎ ይታሰራል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ።

ይህን ሥራ ራሴ ብሠራውስ? ግቢውን በራስዎ ሠራተኛ ለማሠራት ሐሳብ ቢቀይሩ 300,000 ከላይም ከታችም ይወጣል፦ 560,000 ለ1,300,000፣ 43 በመቶ ገደማ። የሴቶቹ ከ35 ወደ 20 ይወርዳል።

ትልቁ ድርጅት ብዙ ቢበላስ? አሳንሰሩ ተበላሽቶ 400,000 ተጨማሪ ቢያስወጣ 860,000 ለ2,000,000 ይካፈላል፤ 43 በመቶ። ከአነስተኛ ንግዶች አንዲት ሳንቲም ሳይቀነስ ግቡ ወደቀ። እንዲህ ያለ ወጪ ሊመጣ እንደሚችል ካወቁ ከመጀመሪያው በዋጋዎም በዝርዝርዎም ውስጥ ያስገቡት። በምሳሌያችን ለድንገተኛ ጥገና 120,000 ብንይዝ 860,000 ለ1,720,000፣ ልክ 50 በመቶ ይሆናል። ከ53.75 ያንሳል፤ የሚፈጸም ግን እሱ ነው።

አንድ መደብ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል? የተባይ ድርጅቱ ቢሮውን ቢቀይርና የሃብዞን ምስክሩን ቢያጣ 3.75 በመቶው ዜሮ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ከወዲሁ ይያዙ።

እኔ በየመስመሩ ጎን ምልክት አደርጋለሁ፦ ፕሮፎርማ ያለው፣ የተነጋገርነው፣ “እናገኛለን” የተባለው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ካለው ብቻ። ሦስተኛው አይቆጠርም፣ የቱንም ያህል ቢያጓጓ።

8. የማራዘሚያ ዓመታትን ለየብቻ ያስሉ

ውሉ አንድ ዓመት ሆኖ 4 የማራዘሚያ ዓመታት ካሉት ለመጀመሪያውም ለእያንዳንዱ ማራዘሚያም የተለየ ግብ ይጠየቃል። የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥር አምስቴ መገልበጥ አያዋጣም፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚገዛ መሣሪያ በሁለተኛው አይገዛም።

9. ከቁጥሩ ጎን የሚሄደውን ጽሑፍ ይጻፉ

ዕቅዱ ከመቶኛ ሌላ የሚጠይቃቸው አሉ፦ ምን ምን ዕቃና አገልግሎት ለማን እንደሚሰጥ፣ ግቡ በምን ዘዴ እንደወጣ፣ አቅራቢ እንዴት እንደሚፈልጉ፣ የጋራ ወጪ መግባት አለመግባቱ፣ አስተዳዳሪው ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ። ትልቅ ንዑስ ተቋራጭ ካለዎትና የእሱም ውል ከመነሻው ካለፈ፣ እሱም የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ እንደሚያስገድዱት ቃል ይገባሉ።

“ግቡ በምን ዘዴ ወጣ” ለሚለው የተራ 3ን ዝርዝር ጠቅሰው በ5 ወይም 6 መስመር ያስረዱ። “በልምዳችን መሠረት” የሚል ሐረግ ብቻውን ምንም አይናገርም። የዶላሩ ድምር ደግሞ ከዋጋ ሰነድዎ ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ ይግጠም፤ የግዥ ኃላፊው መጀመሪያ የሚያስተያየው እነዚህን ሁለት ገጾች ነው።

10. ሲደራደሩ ዝርዝሩን ይዘው ይቅረቡ

“ከፍ አድርጉት” ከተባሉ ቁጥሩን በስልክ ላይ አይጨምሩ። የትኛው መስመር ከትልቅ ወደ አነስተኛ ሊዞር እንደሚችል አይተው እመለሳለሁ ይበሉ። በምሳሌያችን ቀሪው 140,000 የማቀዝቀዣ ሥራ ሊዞር ይችል ይሆናል፤ የአሳንሰሩ ግን አምራቹ ብቻ የሚጠግነው ከሆነ አይነካም። ይህን በዝርዝር ያሳየ ሰው ይደመጣል።

11. ከፈረሙ በኋላ ይመዝግቡ፣ ሪፖርት ያድርጉ

በተለመደው ውል የአንድ ውል ሪፖርት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀርባል፦ እስከ ማርች 31 ያለው እስከ ኤፕሪል 30፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው እስከ ኦክቶበር 30። የውሎችዎ ሁሉ ጠቅላላ ማጠቃለያ በዓመት አንዴ፣ እስከ ኦክቶበር 30። ሂሳብ ሠራተኛዎ እያንዳንዱን ክፍያ ሲመዘግብ የአቅራቢውን መደብ አብሮ እንዲጽፍ ከመጀመሪያው ወር ያስለምዱት። በኦክቶበር ወር የዓመት ደረሰኝ መልቀም ያሳብዳል።

ለአነስተኛ ንዑስ ተቋራጭ ሥራው አልቆ፣ መንግሥትም ከፍሎዎት ሳለ ክፍያው ከ90 ቀን በላይ ከዘገየ፣ ወይም ከተስማሙበት ቀንሰው ከከፈሉ፣ ለግዥ ኃላፊው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

• የድርጅትን ስም ሳያስፈቅዱ በዕቅድ ውስጥ ማስገባት። ውሉን ሲያሸንፉ ድርጅቱ “አላውቃችሁም” ቢል ያፍራሉ፤ በዕቅድ የተጠቀሰን አነስተኛ ንግድ ያለ ምክንያት መተውም ለግዥ ኃላፊው በጽሑፍ ማስረዳት ይጠይቃል።
• ወዳጅነትን ከምስክር ወረቀት ማምታታት። “የኛ ልጅ ነው፣ አነስተኛ ነው” ማስረጃ አይሆንም።
• የባለቤትነት 51 በመቶውን በወረቀት ብቻ ማየት። ሴት ባለቤት የተባለች ድርጅቱን የማትመራ ከሆነ መደቡ አይቆጠርም።
• ሪፖርት ላይ የታቀደውን መገልበጥ። የሚጻፈው በእርግጥ የተሰጠው ነው።

ግቡ ሳይሳካ ቢቀር

መቅረቱ ብቻውን አያስቀጣም። የሚያስቀጣው በቅን ልቦና ሳይጥሩ መቅረት ነው፤ ያ ከተረጋገጠ በየግቡ የጎደለው የዶላር መጠን እንደ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። በምሳሌያችን ከታቀደው 860,000 ውስጥ 700,000 ብቻ ቢደርስ ጉድለቱ 160,000 ነው።

ስለዚህ ጉድለቱ እንደታየዎ ለግዥ ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፉ፦ የትኛው መስመር እንደጎደለ፣ ለምን፣ ማንን እንደጠየቁና ምን እንደመለሱልዎ፣ በቀሪው ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ። የተራ 5ን የፍለጋ መዝገብ፣ የተላኩ ኢሜይሎችንና የመጡ ፕሮፎርማዎችን አባሪ ያድርጉ። ደብዳቤው ከሪፖርቱ ቀን በፊት ይድረስ፤ ፍሬ ነገሩንም በሪፖርቱ የማስታወሻ ቦታ ላይ በሁለት መስመር ይድገሙት።